ሆሎታይፑ የት ይደር?

ኢሜይሉ የደረሰኝ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ "ዓለም ገና ወራጅ አለ?" ይላል፤ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የጻፈልን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የጥንዚዛ ቤተሰብ ላይ የሠራ አውሮፓዊ ባለሙያ ነው። የላክንለትን ፎቶና ስዕል አይቶ፣ ከሚያውቃቸው ዝርያዎች ከአንዱም ጋር እንደማይገጥም ነገረን። አዲስ ነው ማለት ነው። ታክሲ ውስጥ ባልሆን እጮህ ነበር። ከሥር ግን ይህን ጨምሯል፦ "ሆሎታይፑን የት ልታስቀምጡት አስባችኋል? ወደ እኛ ብትልኩት ደኅንነቱ ይጠበቃል።"

ሰውየው ክፉ አልተናገረም። ያለ ምንም ክፍያ ሲረዳን የከረመ ሰው ነው። እኔ ግን ሰበታ ወርጄ፣ ቤቴ ገብቼ፣ እራቴን በልቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ደኅንነቱ የሚጠበቀው ከማን ነው? ከእኛ? ትንሽ ቆይቼ ደግሞ "ሐሰት ነው እንዴ ታዲያ?" እላለሁ። እንዲህ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ይገባችሁ ዘንድ ሆሎታይፕ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለአንድ ዝርያ ስም ሲወጣ ስሙ ለመላው ዘር የተሰጠ ይመስለናል። በእንስሳት ስያሜ ሕግ ግን ስሙ የሚታሰረው ከአንድ ናሙና ጋር ነው። አንድ የደረቀ፣ መርፌ ላይ ያለ ጥንዚዛ። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ "ይሄ ያ ነው ወይስ ሌላ?" ብሎ ቢጠይቅ የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ ደግሞ ሆሎታይፑን ለይቶ መሰየም፣ የት ስብስብ ውስጥ እንደሚቀመጥም ጽሑፉ ላይ ማስፈር ግዴታ ሆኗል። ካላሰፈርክ ስሙ በሕግ ፊት የለም። የትኛው አገር ይቀመጥ የሚለውን ግን ሕጉ ለአንተ ትቶታል።

ድንቅነሽን እንውሰድ። የአውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስን ስም የተሸከመችው እሷ የምትመስለን ብዙ ነን። አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1978 ስሙ ሲወጣ ሆሎታይፕ የተደረገው ታንዛኒያ ውስጥ፣ ላኤቶሊ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ ነው። ስሙ የአፋር፣ ስሙን የተሸከመው አጥንት የታንዛኒያ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ያፈጡብኛል።

እድፍ የመሰለው ነገር

ጥንዚዛውን ያገኘነው ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደን በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። "ያገኘነው" እላለሁ እንጂ መጀመሪያ ያየችው የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። መንገዱን ይዘን ስንወርድ ከአንድ የለንቋጣ አጥር ላይ ቅጠል ቀጠፈች። ቅጠሉ ላይ ቡናማ እድፍ አለ። በሽታ ነው ብዬ ልጥለው ስል ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። "ጋሼ፣ እድፉ ይንቀሳቀሳል" አለችኝ።

እውነትም ይንቀሳቀሳል። በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መካከል ጠፍጣፋ፣ እግር የሌለው እጭ አለ። ሁለቱን ቆዳዎች አይነካም። በመካከላቸው ያለውን አረንጓዴ ሥጋ ብቻ ይበላል። የበላበት ቦታ ስስ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፤ ኩሱ እዚያው ውስጥ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። በመነጽር ጠጋ ብለን ስናይ አፉ ከጎን ወደ ጎን ሲሠራ፣ ከፊቱ ያለው አረንጓዴ በጥቂት በጥቂቱ ሲያልቅ ተመለከትን። እድፉ በተጀመረበት ጫፍ ደግሞ አንድ የሚያብለጨልጭ ጠብታ የመሰለ ነገር ደርቆ ተለጥፏል። እንቁላሉ ነው። እናትየው ቅጠል ላይ ትጥለውና የምታወጣውን ፈሳሽ ታለብሰዋለች፤ ፈሳሹ ደርቆ ይጠነክራል። እጩ ሲፈለፈል ውጭ አይወጣም። የእንቁላሉን ሥር ቀዶ በቀጥታ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። እዚያው ያድጋል፣ እዚያው ሙሽሬ ይሆናል፤ ሰማይ የሚያየው ክንፍ ካወጣ በኋላ ነው።

የአጥሩ ባለቤት ወጥተው አዩን።

"እማማ፣ ከአጥርዎ ትንሽ ቅጠል ልንወስድ ነበር" አልኳቸው።

"ለፍየል ነው?"

"አይደለም፣ ውስጡ ትል አለ። እሱን ፈልገን ነው።"

"ትሉን ከሆነ የፈለጋችሁት አጥሩን በሙሉ ውሰዱት ልጄ። ልጆቹ በብሎኬት ሊቀይሩት ነው።"

ቅጠሎቹን በፕላስቲክ ዕቃ፣ እርጥብ ሶፍት አንጥፈን አስቀመጥናቸው። ተማሪዬ በየቀኑ ሶፍቱን ትቀይራለች፣ የሻገተውን ትለያለች። ቆይቶ ከቅጠሎቹ ጥንዚዛ ወጣ። ከምስር ፍሬ የሚያንስ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጀርባው የነሐስ ዓይነት ብርሃን ያለው። ስትነካው እግሮቹን ሰብስቦ ይወድቃል፣ የሞተ ይመስላል። ሣር ላይ ከወደቀ አታገኘውም።

ቤተሰቡ ቡፕሬስቲዴ ይባላል። እስካሁን ከ15,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። አብዛኞቹ በእጭነታቸው እንጨት የሚቦረቡሩ ናቸው፤ ቅጠል ውስጥ የሚያድጉት ጥቂት፣ ትናንሽ ወገኖች ናቸው። የእኛው ትራኪስ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህን የወገን ስም ዴንማርካዊው የነፍሳት አጥኚ ፋብሪሲየስ እ.ኤ.አ. በ1801 አወጣው። የነዚህ ጥንዚዛዎች አንጸባራቂነት ቀለም አይደለም። ቅርፊታቸው በጣም ስስ በሆኑ ንጣፎች ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ብርሃኑን እያነጠረ የሚመልሰው ያ ድርብርብ ነው። ስለዚህ ጥንዚዛው ቢሞትም አይደበዝዝም። ጀርመን አገር ሜሰል ከሚባል የድንጋይ ጉድጓድ 47 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዚህ ቤተሰብ ጥንዚዛዎች ወጥተዋል። አሁንም ያብረቀርቃሉ።

ላም አለኝ በሰማይ

አንድን ነገር አዲስ ነው ለማለት አሮጌውን ሁሉ ማየት ግድ ነው። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚመረው። የአፍሪካ ትራኪሶችን ስም ካወጡት ዋነኛው ያን ኦበንበርገር የሚባል ቼካዊ ነው። በሺዎች ለሚቆጠሩ የዚህ ቤተሰብ ዓይነቶች ስም አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሞተ። ስብስቡ ፕራግ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው። "ነሐስማ፣ አጭር፣ ጸጉሩ ነጭ" ዓይነት መግለጫ አንብበህ ከእጅህ ጋር ስታስተያይ እሱም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ቁርጡን የሚነግርህ ናሙናው ነው። ናሙናው ደግሞ ፕራግ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በጥንዚዛ አልተጀመረም። ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሐበሻን ዞሮ የሰበሰበው ፍራንክፈርት ነው ያለው። ጣሊያናዊው አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ምኒልክ በሰጡት ቦታ ተቀምጦ የሰበሰበው ጄኖቫ ሄደ። መቅደላን ስናነሳ የብራና መጻሕፍቱ ነገር ይቆጨናል። ያ ጦር ግን የእንስሳት አጥኚም ይዞ ነበር። ብላንፎርድ ይባላል፤ በመንገድ ላይ የሰበሰበውን ይዞ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1870 ስለ አገሩ ድንጋይና እንስሳት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ጓደኛዬ፣ ነፍሳት ማጥናት ሥራው የሆነው፣ በዚህ ጊዜ የሚላት አንድ ተረት አለችው፦ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።"

አሁን ፎቶ አለ፣ ኢሜይል አለ። ወተቷን ባንጠጣም በፎቶ እናያታለን። ባለሙያው የኦበንበርገርን ናሙናዎች ፎቶ አግኝቶ ላከልን። እኛ የወንዱን የመራቢያ አካል አወጣን፤ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው በአብዛኛው እሱ ነውና። የደረቀውን ጥንዚዛ ሙቅ ውኃ ላይ ታለሰልሰዋለህ፣ በቀጭን መርፌ ከኋላው ታወጣለህ፣ ሥጋውን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ታሟሟለህ። የሚቀረው ከሚሊ ሜትር ያነሰ ጠንካራ ነገር ነው። ካስነጠስክ አለቀ። የእኛው ጫፉ ላይ ሰፋ ብሎ ድንገት ይሾላል፤ በፎቶ ካየናቸው አንዱም እንዲህ አይደለም።

አንዱን መምረጥ

ስሙን የሚሸከመውን የመረጥንበት ከሰዓት እስካሁን አይረሳኝም። የተለዩትን ወንዶች ማይክሮስኮፕ ሥር ደረደርናቸው። በየአንዳንዳቸው ሥር ትንሽ ወረቀት አለ። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ተክሉ፣ ሰብሳቢው ተጽፎበታል። የቦታው ስም ራሱ አከራክሮን ነበር፤ ሰበታ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ጻፍን፣ ኮኦርዲኔቱንም ጨመርን። ከተማ ስሙን ቢቀይር ኮኦርዲኔት አይቀይርም።

ምርጫው በመጨረሻ ለሁለት ጠበበ። አንደኛው ፎቶ የሚያምርለት ነው። ስድስት እግሩ ሙሉ፣ አንቴናዎቹ እስከ ጫፍ ያሉ፣ ጀርባው ጭረት የለበትም። ሁለተኛው የቀኝ አንቴናው ጫፍ ተሰብሯል፤ ግራ ክንፉ ላይም ቀጭን ጭረት አለ። የመራቢያ አካሉ ግን ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ልማዱ ከሁሉም ሙሉ የሆነውን ምረጡ ይላል። እጄ ወደ መጀመሪያው ሄደ።

ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩ። ያ ቆንጆው የመጣው ከመንገዱ ማዶ ከነበረው ቁጥቋጦ ነው። "ከነበረው" እላለሁ፣ ምክንያቱም በክረምቱ መጨረሻ ግሬደር ገብቶ ጠርጎታል። አሁን መሠረት ተቆፍሮበታል፤ አሸዋና ብረት ተራግፎበታል። አንቴናው የተሰበረው የእማማ አጥር ልጅ ነው።

በሕጉ የአንድ ዝርያ የስሙ መነሻ ቦታ ተብሎ የሚጻፈው ሆሎታይፑ የተያዘበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥንዚዛ የምንመርጥ ይመስለናል እንጂ ቦታም እየመረጥን ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ጥርጣሬ የገባው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነጥብ ነው። ቆንጆውን ብንመርጥ የሰው ሳሎን ውስጥ ይገባል። የተሰበረውን ብንመርጥስ? እማማ እንዳሉት ልጆቹ የፊቱን አጥር በብሎኬት ሊቀይሩት ነው። የጓሮው ግን ወንዙ ዳር ድረስ ይወርዳል፤ ገደሉ ላይ ብሎኬት የሚያቆም የለም። ለንቋጣውም ገደሉን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል።

"የቁንጅና ውድድር አይደለማ" አለ ጓደኛዬ። ቀዩን ወረቀት አነሳና በተሰበረው ሥር ሰካው። ሆሎታይፕ በቀይ ወረቀት መለየቱ የቆየ ልማድ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ያ ጥንዚዛ ከሌሎቹ ጋር እኩል አልነበረም። እስካሁን በጥፍሬ እየገፋሁ ሳሰልፈው የነበረውን ትሪ፣ ድንገት በሁለት እጄ መያዝ ጀመርኩ።

የኢሜይሉም መልስ የመጣልኝ እዚያው ነው። የምርጫችን ምክንያት ቦታው ተሄዶ የሚታይ መሆኑ ከሆነ፣ ናሙናውን ሄዶ ለማየት ቪዛ የሚያስፈልግበት ምክንያት አልታይ አለኝ። አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ሙዚየም ቢቀመጥ፣ አንድ ተማሪ ጠዋት ሆሎታይፑን አይቶ ከሰዓት ሰበታ ወርዶ በሕይወት ያለውን ከቅጠሉ ውስጥ ያወጣዋል። ይህን ፕራግም ፓሪስም አይሰጡህም።

ብል የማይምረው

ግን ሰውየው ያነሳው ፍርሃት ተራ ፍርሃት አይደለም። አንድ ጊዜ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት የነፍሳት ሣጥን ነበረው። ከዓመታት በፊት የነበሩ መምህራን የሰበሰቡት፣ መስታወት ያለው። አንድ ቀን ለክፍል ላሳይ ብዬ ከፈትኩት። መርፌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ወረቀቶቹም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ "ቢራቢሮ፣ ሆለታ" እያሉ እንዳሉ ናቸው። በመርፌና በወረቀት መካከል መኖር የነበረበት ግን ዱቄት ሆኗል። የደረቀ ነፍሳት የሚበላው አንትሬነስ የሚባል፣ እሱም ራሱ ጥንዚዛ፣ እጩ ጸጉራም የሆነ ጉድ ነው። 47 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ውስጥ ያልደበዘዘውን ዓይነት ጀርባ፣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል።

ታዲያ አውሮፓና አሜሪካ ደኅና ነው ማለት ነው? የሃምቡርግ የእንስሳት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1943 በቦምብ ጋየ። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በአንድ ሌሊት ተቃጠለ፤ የነፍሳት ስብስቡ አብዛኛው አብሮ ሄደ። ይህን የምለው "እናንተም ተቃጥላችኋል" ብዬ ልከራከር አይደለም። ሕንጻ ብቻውን ናሙና አይጠብቅም ለማለት ነው። መሳቢያውን በየጊዜው የሚከፍት፣ አዲስ የገባውን ሣጥን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቶ ተባዩን የሚገድል፣ እርጥበቱን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ያለበት አገር ነው ደኅናው።

በሌላ በኩል ሁሉንም እዚህ እናስቀር የሚል ክርክርም አይጥመኝም። አንዳንድ ወዳጆቼ "አንድም እንዳትሰጧቸው" ብለውኛል። እልህ ነው። ጥንዚዛው አንድ ቦታ ብቻ ከተከማቸ አንድ እሳት፣ አንድ የጣራ ፍሳሽ ይበቃዋል። ደግሞ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እንዳይሆንብን እንጂ፣ ቤታችንም ውጭያችንም ደኅና አልጋ ቢኖረው ምን ይጎዳናል? ስለዚህ ሆሎታይፑ አራት ኪሎ፣ ከቀሩት የተወሰኑት፣ ፓራታይፕ የሚባሉት፣ ወደ ባለሙያው ሙዚየም ይሂዱ አልን። ለዚያም ቢሆን እንዲሁ በፖስታ አይላክም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ከብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል። ወረቀቱ ያሰለቻል። ያም ሆኖ ሩፔልና ብላንፎርድ ይህን ወረቀት ቢሞሉ ኖሮ ብዬ ሳስብ ብዕሩ ይቀለኛል።

ለባለሙያው ይህንኑ ጻፍኩለት። አጭር አደረግኩት። ስለ መቅደላ ምንም አላነሳሁም።

በማግስቱ መለሰ። በሐሳቡ ተስማምቷል፣ ለፓራታይፖቹ አመስግኗል፣ የጎደለ የመጠን ልኬት ጠይቋል። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "አንድ ነገር ብቻ። ሣጥኑን ማን እየከፈተ እንደሚያይ ንገሩኝ። የሙዚየሙን አላልኩም፤ ከእናንተ ማን ነው?"

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ለጓደኛዬ አነበብኩለት። "እኔ አለሁ፣ አንተ አለህ" አልኩት። እሱ በጣቱ የራሱን ሽበት አሳየኝ። "እኔና አንተ ስንት ዓመት? ሦስተኛ ስም ያስፈልጋል" አለ።

ሦስተኛው ስም ማን እንደሆነ ሁለታችንም ወዲያው ገባን። ቅጠሉን ያሳደገችው እሷ፣ እድፉን ያየችው እሷ። ጽሑፉ ላይም ሦስተኛ ደራሲ ናት። ደወልኩላት። ሆሎታይፑ አራት ኪሎ እንደሚቀመጥ፣ የማየቱን ኃላፊነት እየተማረች እንድትረከብ እንደምንፈልግ፣ ለዚህ ደሞዝ እንደሌለው ጭምር ነገርኳት። ዝም አለች። ከኋላዋ የዶርም ጫጫታ ይሰማል።

"ጋሼ፣ እሺ" አለችኝ በመጨረሻ። "ግን መጀመሪያ ፈተናዬን ልጨርስ።"